መሪጌታን ጠይቁ፦ ጸሎትና ወቅቱ

መሪጌታ፦ በሉ ጠይቁ። «ስንት ልስገድ፣ እስከ ስንት ሰዓት ልጹም» የሚለውን ግን ለንስሐ አባታችሁ።

ሣራ፦ በዐቢይ ጾም ከበሮ ለምን አይመታም?

መሪጌታ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይምጣልኝ! ዘወረደ፣ የጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ። ወቅቱ የሐዘንና የንስሐ ነዋ። የሚዘመረውም ጾመ ድጓ፣ የዐቢይ ጾም የዜማ መጽሐፍ፣ ነው። ታዲያ ዜማው ቀዘቀዘ እንዳትሉ፤ ጎልቶ የሚሰማው ያኔ ነው። በዝማሜ፣ መቋሚያ ይዞ በመወዛወዝ በሚዘመረው፣ መቋሚያ ብቻ ነው ያለው። ሁሉም እኩል ያዘነብላል፣ እኩል ይመለሳል። ተማሪ ሳለሁ በዘወረደ ሌሊት በጨለማ ስገባ ጥግ የተቀመጠውን ከበሮ በጉልበቴ ገጨሁት። አንዲት «ድም!» ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ለዝማሬ የቆመው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የኔታ ምንም አላሉም። ሳምንቱን ሙሉ ውኃ ቀጂ ግን እኔው ነበርኩ።

ዮናስ፦ ጾመ ጽጌ፣ የእመቤታችን ስደት የሚታሰብበት ጾም፣ ግዴታ ነው?

መሪጌታ፦ አይደለም። ከሰባቱ አጽዋማት አትቆጠርም፤ የፈቃድ ናት።

ሄለን፦ በእኛ ደብር ሁሉም ይጾማታል።

ዮናስ፦ ሁሉም ስለጾመ ግዴታ ሆነች ማለት ነው?

ብሩክ፦ ጾሙስ ይሁን፣ ድምፅ ማጉያው! ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌተ ጽጌ፣ የወቅቱ ዝማሬ፤ ልጄ አልተኛ አለኝ።

ሄለን፦ ጭፈራ ቤቱ ሲጮህ ዝም፣ ማኅሌት ሲሆን ስሞታ!

መሪጌታ፦ በቃ! ቅዱስ ያሬድ ማይክ አልነበረውም። እሱን ለደብሩ አስተዳዳሪ ንገሩ። ወቅተ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ 40 ቀን ነው፤ ቻሉት።

ማርታ (ዱባይ)፦ የ9 ሰዓት ጸሎት ሥራ ላይ ሆኜ ይደርስብኛል። ምን ላድርግ?

መሪጌታ፦ በልብሽ ጸልዪ። ሌላውን የንስሐ አባትሽን።

አቤል፦ ከፋሲካ በኋላ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል?

መሪጌታ፦ 50ውን ቀን አይጾምም፣ አይሰገድምም።

ሣራ፦ በሕማማት፣ ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት፣ ሰው ቢሞት ፍትሐት (የሙታን ጸሎት) የለም ይባላል። እውነት ነው?

መሪጌታ፦ እውነት ነው። ለዚህ ነው በሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ለሁሉም የሚደረገው። ያን ቀን ከቅዳሴ በኋላ ዘንባባችሁን ይዛችሁ አትሩጡ፣ ቆዩ።

ቴዎድሮስ፦ ከፋሲካ በኋላ ስግደት አለ?

መሪጌታ፦ ከላይ አንብብ!

ቴዎድሮስ፦ ይቅርታ። እሺ፣ ስለ ሰሙነ ሕማማት በሰፊው ቢያብራሩልን?

መሪጌታ፦ በሰፊው? ግብረ ሕማማቱ፣ የሳምንቱ የንባብ መጽሐፍ፣ ከነግህ (ከጠዋት) እስከ 11 ሰዓት ሲነበብ ይዋላል። እኔ በስልክ ልጽፈው ነው? ሂድና ቆመህ ስማ። «ኪርያላይሶን» ሲባል ከሕዝቡ ጋር ስገድ።

ቴዎድሮስ፦ ስንት ልስገድ?

መሪጌታ፦ የንስሐ አባትህን።