ሹር ኤስኢ215 ወይስ ትሩዝኢር ዜሮ ሬድ? መጀመሪያ የጎማው ነገር ይጣራ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሹር ኤስኢ215 እና ትሩዝኢር ዜሮ ሬድ የተባሉት ጆሮ ውስጥ የሚገቡ ባለ ኬብል ኤርፎኖች ሁለቱም እጅህ ላይ አሉ። ስለ ሬዱ «ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) እስከ ታች ይወርዳል» ሲባል ሰምተሃል፤ አንተ ጆሮ ላይ ግን ድምፁ ቀጥኗል፣ በተለይ በግራ በኩል። ሹሩ ደግሞ ደህና አድርጎ ይደልቃል። ሬዱ ተበላሽቶ ይሆን? ከሁለቱስ የትኛውን ላስቀር? ነው ያልከው።

ተበላሽቷል ብዬ አላስብም። በገለጽከው መሠረት ግራ ጆሮህ ላይ ጎማው፣ ማለትም ኤርፎኑ አፍ ላይ የሚደረገው ለስላሳ ጫፍ፣ በደንብ አልገጠመም፤ አየር ያሾልካል። ይህ ሳይስተካከል ሁለቱን ብታወዳድር የምታወዳድረው ጎማን ከጎማ ጋር እንጂ ድምፅን ከድምፅ ጋር አይሆንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ስፒከር ቤዝ ለማሰማት ብዙ አየር ማንቀሳቀስ አለበት። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኤርፎን ግን በጎማውና በጆሮ ታምቡር መካከል የታፈነችውን ጥቂት አየር መጭመቅና ማላላት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። 10 ሚሊሜትር ብቻ ስፋት ያለው ድራይቨር (ድምፁን የሚፈጥረው ትንሽ ስፒከር) 20 ሄርዝ (በሰከንድ 20 ንዝረት) ድረስ መውረድ የሚችለው አየሯ ስለታፈነች ነው። ጎማው ዳር ላይ ክፍተት ካለ ግፊቱ ሳይጠራቀም ያመልጣል። ዝቅተኛው ድምፅ አንድ ዙር ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ስለሚፈልግ አየሩ ሾልኮ ለመውጣት ፋታ ያገኛል፤ በሰከንድ ሺህ ጊዜ የሚመላለሰውን ድምፅ ግን ያው ክፍተት ብዙም አይነካውም። ስለዚህ ትንሽ ሽንቁር መጀመሪያ 30 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ትበላለች፤ እየሰፋች ስትሄድ 60ን፣ ከዚያም 100ን ትነካለች። ዘፋኙም ሲምባሉም እንዳሉ ስለሚቀሩ አድማጩ «ይህ ኤርፎን ቤዝ የለውም» ይላል። ብዙ ጥሩ ኤርፎን ያለ ጥፋቱ የሚሸጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ማጣራቱ ቀላል ነው። ስልክህ ላይ ድምፅ አመንጪ አፕ ጫን፤ ንጹሕ ቶን ከ200 ሄርዝ ጀምረህ ቀስ እያልክ ወደ 20 አውርድ። ሁለቱን ጆሮ በአንድ ጊዜ አትስማ፤ አንድ አንዱን ለየብቻ ፈትን። በደንብ ከገጠመ ድምፁ እስከ 40 ሄርዝ ድረስ ሳይቆራረጥ ይወርዳል፤ 30 ላይ ከመሰማት ይልቅ እንደ ግፊት ይታወቅሃል። ወደ 20 ሲጠጋ መዳከሙ የማንም ጆሮ ባሕርይ ስለሆነ አያሳስብህ። የሚያሳስበው 80 ወይም 60 አካባቢ ድንገት እልም ካለ ነው። ያን ጊዜ 40 ሄርዝ ላይ አቁመው ኤርፎኑን በጣትህ ለስለስ አድርገህ ደግፈው። ደግፈህ በያዝክበት ጊዜ ሁሉ ቤዙ ሞልቶ ከቆየና ስትለቀው ከጠፋ ጥፋቱ የጎማው ነው። በኃይል አትጫን፤ በኃይል ሲጫኑት ማንኛውም ኤርፎን ለቅጽበት ይለወጣል፣ የሚነግርህም ነገር የለም።

ያም ሆኖ ግራው ብቻ ከደከመ ኬብሉን ቀያይር፤ የግራውን ሶኬት ወደ ቀኙ፣ የቀኙን ወደ ግራው አስገባ። ድክመቱ አብሮ ከተሻገረ ችግሩ ኬብሉ ወይም ስልኩ ነው። እዚያው ግራው ላይ ከቀረ ኤርፎኑ ነው ወይም ጆሮው ነው። ሁለቱን ለመለየት ደግሞ የግራውን ኤርፎን ኬብሉን ወደ ታች ለቀህ ቀኝ ጆሮህ ላይ ሞክረው፤ ቅርጹ ባይመችም ለአንድ ደቂቃ ፈተና ይበቃል። የኤርፎኑ አፍ ላይ ያለውን ወንፊትም በብርሃን እየው። የጆሮ ኩክ የደፈነው ወንፊት መጀመሪያ የሚቀንሰው ትሬብሉን (ላይኛውን ቀጭን ድምፅ)፣ ቀጥሎ ጠቅላላ ድምፁን ነው፤ ቤዝን ብቻ ለይቶ የሚወስድ ግን የአየር ማሾለክ ነው። ስታጸዳው ወንፊቱን ወደ ምድር አዙረህ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረገው። ፈሳሽ አትጠቀም።

ሬዱ ላይ አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ኬብሉ ባለ ሁለት ፒን 0.78 ሚሊሜትር ስለሆነ ሌላ ኬብል ሲደረግበት አንዱ ወገን ተገልብጦ ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ጆሮ ለብቻው ሲሰማ ምንም አይጎድለውም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የከበሮው ምት ጭንቅላትህ መሃል መቀመጡን ትቶ ይበተናል፣ ቤዙም ባዶ ባዶ ይላል። አንዱን ሶኬት ገልብጠህ ብታስገባው ወዲያው ይሰበሰባል። የሹሩ ሶኬት ኤምኤምሲኤክስ፣ ማለትም ክብ ስለሆነ ይህ ስህተት እሱ ላይ አይደርስም።

አሁን ወደ ጎማው። የሁለቱ ኤርፎኖች ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ድምፃቸው ላይ ካለው ልዩነት ይልቅ የሚወስነው ይህ ነው። የሹሩ አፍ ቀጭን ቱቦ ነው፤ አካሉም ትንሽ ስለሆነ ወደ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። የሬዱ ቱቦ ወፍራም ነው፣ አካሉም ተለቅ ይላል፤ ስለዚህ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። የጆሮ ቦይ ደግሞ ደጃፉ ሰፋ፣ ውስጡ ጠበብ ያለ ነው፤ ቅርጹም ፍጹም ክብ ሳይሆን ሞላላ ነው። ሹሩ ላይ መካከለኛው ጎማ ልክ የሆነለት ሰው ሬዱም ላይ ያንኑ መጠን ያደርግና ያሾልክበታል። ወፍራሙ ቱቦ ጎማውን ከውስጥ ወጥሮ ስለሚይዘው ጎማው ሞላላውን ቅርጽ ለመከተል አይተጣጠፍም። አንዳንዱ ደግሞ ቱቦው ሲያመው ወደ ትንሹ ጎማ ይወርዳል። ያኔ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ቤዙም አብሮ ይሄዳል። ትክክለኛው መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ሬዱ ላይ አንድ መጠን ከፍ በል፣ ግን ግድግዳው ስስና ለስላሳ፣ ቁመቱ አጠር ያለ ጎማ ምረጥ። ጥልቅ አድርገህ ለመክተት አትታገል፤ ደጃፉን ይድፈን። ግራና ቀኝ የተለያየ መጠን ማድረግ ፍጹም የተለመደ ነው፤ የሁለት ጆሮ ቦይ እኩል ላይሆን ይችላል። ባንተ ሁኔታ ግራው ላይ ትልቁን፣ ቀኙ ላይ መካከለኛውን አድርገህ ጀምር።

አገባቡም ሥርዓት አለው። በተቃራኒው እጅህ፣ ከራስህ በላይ አሻግረህ፣ የጆሮህን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ። ቦዩ ቀጥ ይላል። ኤርፎኑን አስገብተህ በጥቂቱ ወደ ፊት አዙረው፣ ከዚያ ጆሮህን ልቀቅ። ጎማው የስፖንጅ ዓይነት ከሆነ በጣቶችህ ቀጭን እስኪሆን አድቦልቡለህ ቶሎ አስገባው፣ ከዚያም እስኪነፋ 20 ወይም 30 ሰከንድ ሳታንቀሳቅስ ያዘው። ብዙ ሰው 5 ሰከንድ ይዞ ይለቅና ስፖንጁ ወደ ኋላ እየተገፋ ይወጣበታል። ስፖንጅ ከሲሊከን ይልቅ ሞላላውን ቅርጽ በደንብ ይሞላል፣ ግን ትሬብሉን በጥቂቱ ያለዝባል። ሬዱ ላይ ይህ አይጎዳም። ሹሩ ግን ከመነሻው ላይኛው ድምፅ ለስለስ ያለ ስለሆነ ስፖንጅ ሲጨመርበት ጠቆር ይላል፤ እኔ ሹሩ ላይ ሲሊከኑን እመርጣለሁ፣ ጫጫታ ያለበት ቦታ ካልሆነ በቀር።

ከገጠመ በኋላ አፍህን ክፈት፣ ፈገግ በል፣ እንደ ማኘክ አድርግ። መንጋጋ ሲንቀሳቀስ የጆሮ ቦይ ቅርጹን ይለውጣል። ቤዙ እየመጣ እየሄደ ከሆነ ጎማው አሁንም ትንሽ ነው። የኬብሉንም ማጥበቂያ አገጭህ ሥር አጥብቀው፤ የሚጎትት ኬብል በእግር ጉዞ ላይ ጎማውን ቀስ በቀስ ያላቅቀዋል። በነገራችን ላይ ስትራመድ ኮቴህ ጭንቅላትህ ውስጥ ቢደልቅ፣ ስታወራም የራስህ ድምፅ ቢያስተጋባ ጎማው ለመግጠሙ ምልክት ነው እንጂ ጉድለት አይደለም።

ስታስገባው ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማህ የታፈነው አየር የድራይቨሩን ስስ ሽፋን ገፍቶት ነው። እንዲህ ያለ ሽፋን ያለው፣ ዳይናሚክ የሚባለው ድራይቨር ያላቸው ላይ ይህ የታወቀ ነው። ዝግ ብለህ አስገባ፤ አንዱ ወገን ታፍኖ ከቀረ ነካ አድርገህ አውጥተህ እንደገና መልሰው። አካሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎችም በቴፕ አትድፈን። ከፊት ያለው ቀዳዳ ሲደፈን ቤዝ ይጨምራል፣ ከኋላ ያለው ሲደፈን ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ አምራቹ ልኩን ያወጣው ሁሉንም አስቦ ነው። 64 ኦዲዮ የተባለው የኤርፎን አምራች ይህንኑ ባሕርይ ተጠቅሞ የሚቀያየሩ የአየር ቫልቮች ያቀርባል፤ ኤም15 እና ኤም20 ይባላሉ፣ አየሩን የበለጠ የሚይዘው ኤም20 ቤዙም ከፍ ያለ ነው።

ጎማው ተስተካከለ እንበል። አሁን ድምፁን ማወዳደር ይቻላል፤ ያኔም ግን ሁለቱ የሚሰጡህ ቤዝ አንድ ዓይነት አይደለም። ሹሩ ጎላ የሚያደርገው 100 ሄርዝ አካባቢ ያለውንና ከዚያ በላይ ወደ ሚድ (መካከለኛው ድምፅ) የሚሻገረውን ነው። የኪክ ድራም ምት፣ የቤዝ ጊታር አካል፣ የወንድ ድምፅ ደረት እዚህ ስላሉ ሁሉም ነገር ሞቅ፣ ወፈር ይላል። ዋጋው ደግሞ የድምፃዊው ጥራት ትንሽ መሸፈኑና ሲምባሉ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። ሬዱ ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው አዳፕተር (በኬብሉና በስልኩ መካከል የሚሰካው አጭር ማገናኛ) ሲደረግበት ዋና ጭማሪው ከዚያ በታች ነው፤ ሚዱን አይነካውም፣ ድምፃዊው ጥርት ብሎ ይቀራል።

የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር፣ ኢ የሚባለው፣ 41 ሄርዝ ላይ ነው፤ የባለ አምስት ክሩ ጊታር ቢ ክር ደግሞ 31 ሄርዝ አካባቢ። ይኸው ኢ ክር ሲመታ እጥፉ፣ 82 ሄርዝ፣ አብሮ ይሰማል። ሹሩ እጥፉን ወደ ፊት ያመጣዋል፣ ሬዱ ራሱን መሠረቱን። ሬዱ ሳያሾልክም ቢሆን በአንዳንድ ዘፈን ላይ ቀጭን የሚመስለው ለዚህ ነው። የቆዩ ቅጂዎች ብዙዎቹ ከ50 ሄርዝ በታች ብዙ ነገር የላቸውም፤ የሌለውን ሬዱ ከየትም አያመጣውም። ረጅም የኤሌክትሮኒክ ቤዝ ያለበት ዘፈን ሲመጣ ግን ሁለቱ ቦታ ይቀያየራሉ፤ ሹሩ ይደልቃል፣ ሬዱ ያንቀጠቅጣል።

ስለ አዳፕተሩ፦ ውስጡ ያለው 10 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገታ ክፍል) ነው። የሬዱ ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) በሁሉም ድግግሞሽ እኩል ስላልሆነ ሬዚስተሩ ሲጨመር ቤዙ ከሌላው ያነሰ ይቀንሳል፣ በውጤቱ ከፍ ብሎ ይሰማል። ጠቅላላ ድምፁ ስለሚወርድ ቮልዩም ትጨምራለህ። ያለ አዳፕተሩ የሬዱ ቤዝ ልከኛ ነው እንጂ ከባድ አይደለም፤ ሳጥኑ ውስጥ ረስተኸው ከሆነ የቅሬታህ ግማሽ እሱ ነው። ሹሩ ላይ አትሰካው፤ አንድ ድራይቨር ብቻ ስላለው ኢምፒዳንሱ ብዙም አይለዋወጥም፣ ስለዚህ ቤዙን ብዙም ሳይለውጥ ድምፁን ዝቅ ያደርገዋል።

ስታወዳድር የድምፅ መጠናቸውን አስተካክል። ሹሩ በተመሳሳይ ቮልዩም ጎላ ብሎ ይሰማል። ጆሯችን ደግሞ ቮልዩም ዝቅ ሲል ቤዝን ይበልጥ ያጣዋል፤ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 የለኩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ዝቅ ብሎ የተሰማው ሬድ በቤዝም የሚያንስ ይመስላል። 1000 ሄርዝ ቶን እያፈራረቅህ እኩል እስኪሆኑ ቮልዩሙን አስተካክል፣ የሁለቱንም ደረጃ ጻፈው፣ ከዚያ የአንድ ዘፈን 20 ሰከንድ ክፍል ላይ ቶሎ ቶሎ ቀያይር። በይነመረብ ላይ የሚታዩት የኤርፎን ድምፅ ግራፎችም የሚለኩት ፍጹም በታፈነ ሰው ሠራሽ ጆሮ ላይ ነው፤ ቤዙን የሚያሳዩህ ጎማው እንደገጠመ አድርገው ነው። 8000 ሄርዝ አካባቢ የምታያት ሹል ጫፍም ብዙ ጊዜ የመለኪያው ነች እንጂ የኤርፎኑ አይደለችም።

ኢኳላይዘር (ቤዝና ትሬብልን ለየብቻ ማስተካከያው) የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሬዱ ላይ ምት ከጎደለህ 120 ሄርዝ ላይ 2 ዴሲቤል ጨምር፣ ስፋቱን ሰፋ አድርገው። ሹሩ ከከበደህ 200 ሄርዝ ላይ 3 ዴሲቤል ቀንስ፤ ድምፃዊው ይወጣል። በጨመርከው ልክ ፕሪአምፑን (የኢኳላይዘሩን ጠቅላላ ድምፅ) አውርድ፣ አለዚያ ድምፁ ይሰነጠቃል። የሚያሾልክ ጎማን ግን በኢኳላይዘር አትጠግንም። የጎደለው እጅግ ብዙ ስለሆነ ድራይቨሩን ከአቅሙ በላይ ታስጨንቀዋለህ፣ ቤዙ ግን አሁንም በክፍተቱ ይወጣል።

የትኛውን ላስቀር ላልከው፦ የምትሰማው መንገድ ላይ፣ ሞተርና ጫጫታ ባለበት ከሆነ ሹሩን። የሞተር ጉርምርምታ ታችኛውን ቤዝ ስለሚውጠው የሬዱ ብልጫ እዚያ አይታይም፤ ሹሩ ደግሞ ውጭውን በደንብ ያፍናል። ጸጥ ያለ ቦታ ተቀምጠህ ከሆነና የድምፃዊው ጥራት ግድ ካለህ ሬዱን፣ ከነአዳፕተሩ። አካሉ ከጆሮ ቦይህ ደጃፍ ውጭ ያለውን ጎድጓዳ ክፍል ተጭኖ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚያም ከሆነ ግን ጎማ መቀያየር አይፈውሰውም፤ ያን ጊዜ ሳታመነታ ሽጠው።

ግራው ላይ ትልቁን ጎማ አድርገህ 40 ሄርዙ አልመጣም ካልክ የኬብሉን ቅያሪ ሞክርና ድክመቱ ተሻግሮ እንደሆነና እንዳልሆነ ጻፍልን፤ ከዚያ ተነስተን እናየዋለን።