አኖዱ ፖዘቲቩ ነው ወይስ ኔጋቲቩ?

ጥያቄ፦ ልጄ ለፈተና ሲያጠና «አኖድ ፖዘቲቭ፣ ካቶድ ኔጋቲቭ» እያለ ያነበንባል። ስለ ስልክ ባትሪ በሚያስረዳ አንድ ጽሑፍ ላይ ግን ኔጋቲቩ ጫፍ አኖድ ተብሎ አነበብኩ። ትክክሉ የቱ ነው?
ግራ የገባው አባት

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የሚያናድደኝ ግን ተማሪ ምልክቱን ብቻ እንዲሸመድድ መደረጉ ነው። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሚለውን ለጊዜው ይተዉትና ኤሌክትሮኑን ይከተሉ። ኤሌክትሮን ከቁሱ ተላቆ ወደ ሽቦው የሚወጣበት፣ ማለትም ኦክሲዴሽን የሚካሄድበት ኤሌክትሮድ (ጫፍ) አኖድ ነው። ከሽቦው የመጣውን ኤሌክትሮን ተቀብሎ ሪዳክሽን የሚካሄድበት ደግሞ ካቶድ ነው።

ርካሹን የዚንክ ካርቦን ባትሪ ድንጋይ ይመልከቱ። የላይኛው ልባስ ሲገፈፍ ብቅ የሚለው ግራጫ ጣሳ መያዣ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ዚንክ ነው፣ አኖዱም እሱ ራሱ ነው። ድንጋዩ በሠራ ቁጥር ዚንኩ ኤሌክትሮኑን ለሽቦው እየለቀቀ፣ ራሱ አዮን (ኤሌክትሮን የጎደለው አቶም) ሆኖ ወደ ውስጠኛው ለጥፍ ይሟሟል። ኤሌክትሮን የሚገፋው ጫፍ በመሆኑም ምልክቱ ኔጋቲቭ ነው። መሃል ላይ የቆመውን የካርቦን ዘንግ ብዙ ሰው ካቶድ ነው ይላል፤ ዘንጉ ግን ኤሌክትሮን ከማድረስ ያለፈ ሥራ የለውም። ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው ዙሪያውን የታጨቀው ጥቁር ዱቄት፣ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው። ሪሞት ውስጥ የተረሳ ድንጋይ ፈሳሽ አውጥቶ ሽቦውን የሚያበላሸው ጣሳው እየተበላ ሄዶ ስለሚበሳ ነው። ገመናውን የሸፈነለትን ልብስ የሚበላ መሣሪያ ከዚህ ሌላ አላውቅም! አልካላይን የሚባለው የድንጋይ ዓይነት በዚህ ይሻላል፤ ዚንኩ ዱቄት ሆኖ መሃል ይቀመጣል፣ የውጭው ጣሳ ብረት ነው። ሁለቱም አዲስ ሲሆኑ 1.5 ቮልት ገደማ ይሰጣሉ።

ልጅዎ የሚያጠናው ኤሌክትሮሊሲስን፣ ማለትም በኤሌክትሪክ አስገድዶ ኬሚካላዊ ለውጥ ማካሄድን ሳይሆን አይቀርም። እዚያ ኤሌክትሪኩ ከውጭ ይገባል። መዳብ ሲጣራ ያልጠራው መዳብ ከኃይል ምንጩ ፖዘቲቭ ጫፍ ጋር ይያያዛል፤ ምንጩም ኤሌክትሮኑን ይነጥቀዋል። መዳቡ እየሟሟ ሄዶ በካቶዱ ላይ ጠርቶ ይለጠፋል፤ አብረውት የነበሩት ወርቅና ብር ሳይሟሟ ከሥር ይዘቅጣሉ። ኤሌክትሮን የሚወጣው አሁንም ከአኖዱ ነው፤ ምልክቱ ግን ፖዘቲቭ ሆነ። ስለዚህ ልጅዎ ፈተና ላይ መጀመሪያ መሣሪያው ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ነው ወይስ የሚወስድ ብሎ ይጠይቅ።

ወደ ስልክዎ ስንመጣ፣ ስልኩ ሲሠራ ኤሌክትሮን የሚወጣው ሊቲየም ከያዘው ግራፋይት ስለሆነ አኖዱ እሱ ነው። ቻርጅ ሲደረግ ግን ኤሌክትሮኑ ወደ ግራፋይቱ ይመለሳል፤ በደንቡ ከሄድን በዚያ ሰዓት ካቶድ መባል ነበረበት። የባትሪ ባለሙያዎች በየሰዓቱ ስም መቀያየሩ ስለሚያታክታቸው ባትሪው ኃይል ሲሰጥ ያለውን ስም አጽድቀው ግራፋይቱን ሁልጊዜ አኖድ ይሉታል። ያነበቡት ጽሑፍም የተከተለው ይህንኑ ልማድ ነው።