ካርቡሬተሩ ከታደሰ በኋላ የሚተኩስ ቮልስ

ወንድሜ፣ ባለ 1600 ሞተሩ ቮልስህ የሶሌክስ 34 ፒክት 3 ካርቡሬተሩ ከታደሰ ወዲህ ጋዝ ስትረግጥ በካርቡሬተሩ በኩል ይተኩሳል ብለሃል። በማርሚታ ቢሆን መልሴ ሌላ ነበር። ወደ ላይ ሲተኩስ ግን ብዙ ጊዜ ነዳጁ ከአየሩ አንሷል ማለት ነው፤ ቀጭን ድብልቅ ቀስ ብሎ ስለሚነድ፣ የመግቢያው ቫልቭ ሲከፈት እሳቱ ገና አልጠፋም።

ጋዝ ሲረገጥ ተጨማሪ ነዳጅ የሚረጨውን የካርቡሬተሩን ፓምፕ አስቀድም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የአየር ማጣሪያው ወልቆ የጋዙን ክንድ በእጅህ ሳበው። ነዳጁ ወዲያው፣ ግድግዳ ሳይነካ፣ በተከፈተው የጋዝ ሳህን (አየሩን የሚከፍትና የሚዘጋው ክብ ብረት) ክፍተት ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። ከዘገየ ወይም ካንጠባጠበ የፓምፑን ሜምብራን (ስስ ላስቲክ)፣ ስፕሪንጉንና የመርጫውን ቀዳዳ ፈትሽ፤ በጽዳት ጊዜ ትንሿ ኳስም ትጠፋለች።

እሱ ደህና ከሆነ፣ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለው ጋስኬት አየር ይስባል ወይ? ብሎኖቹን እኩል አጥብቅ፤ የቫኩም ቱቦዎቹንም እይ።

ከዚያ ሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት። ትንሹን የድብልቅ ብሎን እስኪነካ በቀስታ አስገባና 2 ዙር ተኩል መልስ። አታጥብቀው፣ ጫፉ ይበላሻል። ፍጥነቱን በትልቁ ብሎን በደቂቃ 850 ዙር ላይ አድርስ፤ የጋዙን ማቆሚያ ብሎን ለዚህ አትጠቀምበት።

አሁንም ከተኮሰ ጥፋቱ ካርቡሬተሩ ላይ ላይሆን ይችላል። የካንዴላ ገመዶቹ በ1-4-3-2 ተራ መሆናቸውን፣ የቫልቭ ክፍተቱ በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊሜትር መሆኑን፣ ታይሚንጉንም (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) አረጋግጥ።

እባክህ፣ ማጣሪያው ወልቆ ሞተሩ ሲነሳ ፊትህን አታስጠጋ፤ እሳት ማጥፊያም አጠገብህ ይኑር።