ሜዲስን ልግባ ላልሽው እህቴ፦ መጀመሪያ ኮስት ሼሪንግሽን አጣሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ማለፍ አቃተኝ። በባዮሎጂ ተመርቀሽ ፒያሳ አካባቢ የግል ትምህርት ቤት ታስተምሪያለሽ። ማታ ማታ የ12ኛ ክፍል ልጆች ታስጠኛለሽ። አሁን ለሜዲስን መግቢያ ፈተና ለመዘጋጀት ልጆቹን ልተዋቸው ወይ ነው ያልሽው። ቁርጥ የኔ ታሪክ ነው።

ምን መጽሐፍ ልግዛ፣ ከየት ልጀምር የሚለውን ሌሎች ይነግሩሻል። እኔ አንድ ዓመት ያቃጠለብኝን ልንገርሽ።

1. ኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲ ለተማርንበት ወጪ ተቀጥረን ለመንግሥት የምንመልሰው ድርሻ። በ2005 ተመርቄ እዚሁ አዲስ አበባ አንድ የግል ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። ከደሞዜ በየወሩ 10 በመቶ ይቆረጣል። ፔሮል (የደሞዝ መክፈያው ዝርዝር) ላይ እያየሁት ስለምፈርም ለመንግሥት ገቢ እየሆነ ነው ብዬ አርፌ ተቀመጥኩ። በ2007 ዲግሪ ያላቸውን በሜዲስን የሚቀበል ማስታወቂያ ወጣ። ኢኖቬቲቭ የምንለው፣ በ2004 በ13 ተቋማት የተጀመረው ማለቴ ነው። ምዝገባው ሊዘጋ አሥር ቀን ቀርቶታል፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (ዩኒቨርሲቲው የሚልከው የውጤት ማስረጃ) ደግሞ ግድ ነው። የተማርኩት ክፍለ ሀገር ስለሆነ ሌሊት ተነስቼ መናኸሪያ ሄድኩ። እዚያ ስደርስ ሬጅስትራሩ "ኮስት ሼሪንግ ጨርሰህ ማስረጃ አምጣ፤ ኦፊሻሉንም እኛ ነን በፖስታ አሽገን የምንልከው፣ በእጅ አይሰጥም" አለኝ። ተመልሼ አዲስ አበባ።

ገቢ ሰብሳቢው ቢሮ ግማሽ ቀን ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ሴትዮዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ "ስምህ የለም። ቀጣይ!" አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የተቆረጠብኝ ብር አንድም ወር ገቢ አልተደረገም! ትምህርት ቤቱ ብሄድ "የድሮው ሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ እሱ ለቋል" ብለው ሸኙኝ። ደረሰኝ የለኝ፣ የፔሮል ኮፒ የለኝ። ምዝገባው በዚያው ተዘጋ። ያን ቀን ከሜክሲኮ አራት ኪሎ በእግሬ ነው የመጣሁት። በጥቁር አንበሳ በር ሳልፍ ነጭ ጋውን ያጠለቁ ልጆች እየተሳሳቁ ሲወጡ አየሁና ፊቴን አዞርኩ። በኋላ ከአጎቴ ተበድሬ ያንኑ ዕዳ ሁለተኛ ከፈልኩ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ሒሳብ ክፍል ግቢና ገቢ የተደረገበትን ደረሰኝ ኮፒ ጠይቂ። ካጉላሉሽ ቆመሽ ጠብቂ።

2. ልጆቹን እንዳትተዪ። ያቺን የባከነች ዓመት ቀበና አንድ ልጅ አስጠና ነበር። ስለ ኩላሊት ሳስረዳው የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ሥዕል ስዬ "እናትህ ጠላ ስታጠል አይተሃል? እንደዚያ ነው" አልኩት። ልጁ ሥዕሉን ትክ ብሎ አየና "ቲቸር፣ ጠላው ሲጠል እኮ አተላው ይጣላል። ኩላሊት ጥሩውንም ካሳለፈው ማን ይመልሰዋል?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ እስከ ሌሊት አነበብኩ። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ያጣራል፣ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው። ሌላውን ሁሉ ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች መልሰው ወደ ደም ያስገቡታል። በማግስቱ ይህን ስነግረው ዓይኑ በራ። ከዚያ በኋላ ለስንት ልጅ እንዳስረዳሁት እንጃ። በ2008 ሜዲስን ገብቼ ፒሲ ዋን (የመጀመሪያው ዓመት) ላይ ፊዚዮሎጂ፣ የሰውነት አሠራር ትምህርት፣ ስንጀምር ጓደኞቼ በኩላሊት ሲጨነቁ የማስረዳቸው እኔ ነበርኩ። ኢንተርቪው ላይም ለምን ሜዲስን መረጥክ ሲሉኝ የነገርኳቸው የዚህን ልጅ ጥያቄ ነው።

3. መልቀቂያ። ይሄንንም ቀድመሽ ጠይቂ፣ እኔን ሁለት ወር ነው ያመላለሱኝ። ያው ትምህርት ቤት ነው፣ ብሬን የበላው።

ዛሬ ጂፒ፣ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ማስጠናቱን ግን አልተውኩም። የ2014 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ዲዩቲ (የሆስፒታል ተረኝነት) ከሌለኝ ቅዳሜ ከሰዓት አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አካባቢ ከስድስት ልጆች ጋር እገናኛለሁ፣ በነፃ። ሁለቱ ሜዲስን ነው የሚሉት። የባዮሎጂ ሰው ያስፈልገኛልና ከቻልሽ ብቅ በይ። ስትመጪ የፔሮልሽን ኮፒ ያዢ፣ አብረን እናየዋለን።