የአንባቢያን ጥያቄ፦ የ1838ቱን መጽሐፍ ላስጠርዘው?

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍሎች፣ አዲስ አበባ ሕግ ተምሬ አሁን ቦስተን ነው የምኖረው። ያርድ ሴል ላይ አንድ የድሮ መጽሐፍ በ5 ዶላር ገዛሁ፣ ስለ እብደትና ስለ ሕግ ነው፣ አይዛክ ሬይ፣ ቦስተን 1838 ይላል። የቆዳ ጀርባው ተሰንጥቋል፣ ወረቀቱም ቡኒ ጠቃጠቆ አለው። ላስጠርዘው? ዋጋስ አለው? ወንድማችሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ ጠራዥ ጋ እንዳትወስደው! ስኮችም እንዳትለጥፍበት። እውነተኛው የመጀመሪያ እትም ከሆነ በጣም ትልቅ ነገር ነው በእጅህ የገባው።

ሬይ ይሄን ሲያሳትም ገና 31 ዓመቱ ነበር፣ ሜይን ውስጥ ኢስትፖርት የምትባል የባህር ዳር ከተማ ሐኪም፣ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንኳ ገና አልመራም። ግን የፈረንሳዮቹን የአእምሮ ሐኪሞች የነፒኔልንና የነኤስኪሮልን ሥራ አንብቦ ዳኞቹን ፊት ለፊት ተጋፈጣቸው። ያኔ ፍርድ ቤት ዋናው ጥያቄው ሰውየው ክፉና ደጉን ይለያል ወይ የሚል ነበር፣ እሱ ደግሞ ሰው እየለየም ሕመሙ ራሱን እንዳይገታ ሊያደርገው ይችላል፣ አእምሮ በከፊልም ይታመማል አለ።

ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1843 ለንደን ላይ ዳንኤል ማክኖተን የሚባል ስኮትላንዳዊ፣ የብሪታንያውን ጠቅላይ ሚኒስትር የሮበርት ፒልን ጸሐፊ ኤድዋርድ ድራመንድን ተኩሶ ገደለው፣ ቶሪዎች (የፒል ፓርቲ ሰዎች) ያሳድዱኛል ብሎ ያምን ነበር። ጠበቃው አሌክሳንደር ኮክበርን ችሎት ፊት ከዚሁ ከሬይ መጽሐፍ እያነበበ ተከራከረለት፣ ሰውየውም ከስቅላት ተርፎ ቤተልሔም ወደሚባለው የለንደን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተላከ። አገሩ ተቆጣ፣ ንግሥት ቪክቶሪያም ጭምር። ከዚያ የጌቶች ምክር ቤት (የፓርላማው የላይኛው ምክር ቤት) ዳኞቹን ሲጠይቃቸው የሰጡት መልስ መልሶ ያው ድርጊቱን ወይም ጥፋትነቱን ያውቅ ነበር ወይ የሚል ሆነ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም መጽሐፉ የአንድ ሰው ነፍስ አትርፎ ሕጉ ላይ ግን ተሸነፈ። ሬይ ግን አልተወውም፣ ኋላ ላይ የኒው ሃምፕሸር ዳኛ ቻርልስ ዶ ከሱ ጋር እየተጻጻፈ ነው ያንን መመዘኛ የተወው።

ሕግ ስለተማርክ የኛን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 አስታውስ እስቲ፣ የድርጊቱን ምንነት ወይም ውጤት አለመረዳት ብቻ ሳይሆን በተረዳው መሠረት ራሱን መቆጣጠር አለመቻልንም ያነሳል። ሁለተኛዋ ሐረግ ሬይ የታገለላትን ነገር ነው የምትለው። የኛ በስዊሱ የሕግ ሊቅ በዣን ግራቨን ረቂቅ በኩል ነው የመጣችው ግን ስታነበው ዘመድ ሆና ታገኛታለህ።

አሁን ወደ መጽሐፉ። መጀመሪያ አሳታሚው ሊትልና ብራውን መሆኑን እይ፣ በኋላ የወጡ እትሞች አሉ፣ የ1838ቱን የርዕስ ገጽ እንዳለ የገለበጡ የቅርብ ጊዜ ቅጂዎችም አሉ፣ እነሱን አዲስ ወረቀታቸው ያጋልጣቸዋል፣ ያንተ ጠቃጠቆ ጥሩ ምልክት ነው፣ በኬሚካል ለማንጣት እንዳትሞክር። ቤዝመንት አታስቀምጠው፣ እርጥበት ይገድለዋል። ልክ የሆነ ሳጥን አሠርተህ ከፀሐይ አርቀው። ዋጋውን ደግሞ ቢያንስ ሁለት የድሮ መጽሐፍ ነጋዴዎች ይዩልህ፣ በመጀመሪያው ሰው ቃል አትሽጥ። ከዚያ በፊት ግን የውስጥ ሽፋኑንና ኅዳጎቹን በደንብ አገላብጥ፣ የድሮ ጠበቃ ወይም ሐኪም ስም፣ በእርሳስ የተጻፈ ማስታወሻ ካለ እንዳትሰርዘው፣ ፎቶ አንስተህ ላክልን።