የወጣቶች አገልግሎትና የጠመንጃው ዕጣ

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች አገልግሎት ለጉዞ ገንዘብ ለማሰባሰብ ጠመንጃ በዕጣ ሊያወጣ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ልጆቹን ተኩስ ሊያለማምዱ ወስደዋቸው ነበር። የ14 ዓመት ልጄ በጥይት የተበሳሳ የኢላማ ወረቀት ይዞ መጥቶ አልጋው በላይ፣ ከመስቀሉ አጠገብ ለጠፈው። ቅር ብሎኝ ስናገር «ጴጥሮስም እኮ ሰይፍ ነበረው» ይሉኛል። አብዝቼው ይሆን?

መልስ፦ ኧረ አላበዛሽም እህቴ። ጴጥሮስ ሰይፍ ነበረው፣ ልክ ናቸው፤ ግን ታሪኩን ለምን መሃል ላይ ያቆሙታል? ጌታን ሊይዙ ሲመጡ የሊቀ ካህናቱን ባሪያ የማልኮስን ጆሮ ሲቆርጥ ጌታ ሰይፉን እንዲመልስ አዘዘው (ማቴዎስ 26፥52)፣ ጆሮውንም ፈወሰው (ሉቃስ 22፥51)።

እውነት ለመናገር፣ እዚያ አገር ገጠር ከአባቱ ጋር አደን እየወጣ ያደገ ሰው ብዙ ነው። ለእሱ ጠመንጃ የቤት ዕቃ ነው፤ ክፉ ሰው አያደርገውም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ከ2020 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆችን በመግደል የጦር መሣሪያ አንደኛ ነው። ልጅ የሞተባትን እናት የሚያጽናና ቤተ ክርስቲያን ጠመንጃን ሽልማት ሲያደርግ ምን ይሰማታል? በዚያ ላይ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጠመንጃ እንዳይሸጥ የፌዴራል ሕጉ ይከለክላል፤ ታዲያ የወጣቶች ክፍል ምን ቤት ነው?

ጉባኤ ፊት አትጋፈጪ። የወጣቶቹን አገልጋይ ለብቻው አግኝተሽ የወላጅ ፈቃድ ለምን እንዳልተጠየቀ፣ ተኩሱን ማን እንደሚቆጣጠር፣ መሣሪያው የት እንደሚቆለፍ ጠይቂው። ወረቀቱን ግን አትቅደጂበት። መጀመሪያ ልጅሽን፣ ምኑን እንደወደደው ጠይቂው፤ ምናልባት የወደደው ተኩሱን ሳይሆን «ጎበዝ!» መባሉን ይሆናል።