«መጣሁ» ብሎ ገና ቤቱ ነው፤ ዋሽቷል?

ጥያቄ፦ ጓደኛሞች ሆነን ፊልም ፌስቲቫል ለማየት ተቀጣጠርን። አንዱ በቡድናችን መልእክት «ቲኬት ቆረጥኩላችሁ» አለ። ሌላው «መጣሁ!» ብሎ ጻፈ። ብንጠብቅ ብንጠብቅ የለም። ስንደውልለት ገና ጫማውን እያሰረ ነው! ከዚያ ወዲህ «ውሸታሙ» እያልን እንቀልድበታለን። እሱ ግን «አማርኛዬ ልክ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ በአማርኛው እሱ ልክ ነው። በቀጠሮው እናንተ።

«መጣሁ» ቅርጹ የኃላፊ ጊዜ ነው። የቀድሞ ሰዋስው ጸሐፊዎች ቀዳማይ አንቀጽ ይሉታል። አማርኛ ግን ይህን ቅርጽ ላለፈ ነገር ብቻ አይጠቀምበትም። እናት ከጓዳ «ና!» ብላ ስትጣራ ልጅ «መጣሁ!» ይላል። ሲመልስ ገና ከተቀመጠበት አልተነሣም፤ ሆኖም ዋሸ የሚለው የለም። «እመጣለሁ» ቢላት ደግማ መጣራቷ አይቀርም። «እመጣለሁ» ጊዜው ልቅ ነው፤ ማታም ነገም ይሆናል። «መጣሁ» ግን ቁርጥ ነው፤ መነሣት ብቻ ነው የቀረው።

ይሄ አነጋገር በየቀኑ አፋችን ላይ ነው። «በሉ ሄድን!» የምንለው ሳንነሣ ነው። አውቶቡሱ ከሩቅ ብቅ ሲል «መጣ! መጣ!» እንላለን። ለጓደኛ «ዛሬ ብትቀር ተጣላን!» ስንል ጠቡ ገና የለም። እንዲህ ያለው አማርኛ ስሕተት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ከቋንቋው ውበቶች አንዱ ነው ባይ ነኝ።

ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ አፍራሹን ሞክሩት። ጓደኛችሁ ሐሳቡን ቢለውጥ «አልመጣሁም» ብሎ አይጽፍም፤ «አልመጣም» ነው የሚለው። «አልመጣሁም» ያለፈውን ብቻ ይናገራል። ያ ቅርብ መጪ ትርጉም በአዎንታው ላይ እንጂ በአሉታው ላይ አይገኝም።

ሁሉም ግስ ግን ይህን አይሸከምም። በብዛት የሚሸከሙት የመንቀሳቀስ ግሶች ናቸው፦ መጣሁ፣ ሄድኩ፣ ወጣሁ፣ ደረስኩ። «ጨረስኩ፣ ጨረስኩ» የሚልም ትንሽ ይቀረዋል ማለት ነው። «ፊልሙን አየሁት» ብሎ ገና ሊያየው ነው የሚል ግን የለም። «ቲኬት ቆረጥኩላችሁ»ም እንደዚያው ነው። ያኛው ጓደኛችሁ ሳይቆርጥ ጽፎት ቢሆን ኖሮ እሱን ውሸታም ማለት ትችሉ ነበር።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ጽሑፉ ላይ። በአፍ ሲነገር «መጣሁ» ከድምፅ ጋር ነው የሚመጣው። ጥድፊያው ይሰማል፤ ከየት እንደሚጣራም ይታወቃል። ስልክ ላይ ግን የሚታየው ፊደሉ ብቻ ነው። አንባቢው «በር ላይ ነኝ» ሊለው ይችላል፤ «ልነሣ ነው»ም ሊለው ይችላል። ፌስቲቫል ላይ ደግሞ ብዙ ፊልም አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚታየው፤ ያመለጠው ነገ ላይደገም ይችላል። ስለዚህ ስትጻጻፉ ለይታችሁ ጻፉ። ቤት ከሆናችሁ «ልነሣ ነው»፣ መንገድ ላይ ከሆናችሁ «እየመጣሁ ነው»፣ በሩ ጋ ከቆማችሁ «ደርሻለሁ»።

በተለይ «ደርሻለሁ» የሚለውን ያዙልኝ። «ደርሼ» ከሚለው ቦዝ አንቀጽ (ብቻውን ዓረፍተ ነገር ከማይዘጋ የግስ ቅርጽ) ላይ «አለሁ» ተጨምሮበት የተሠራ ነው። ድርጊቱ አልቋል፣ ሰውየውም እዚያው አለ ማለት ነው፤ ለቅርብ መጪ አይውልም። «ደረስኩ» ግን እንደ «መጣሁ» ነው፤ ገና ሁለት ፌርማታ የቀረውም ይለዋል።

ስለዚህ «ውሸታም» የሚለውን አንሡለት፤ «አርፋጅ» በሉት፣ እሱ ይገባዋል። ሌላ ቀን «ደረስኩ» ብሎ ከጻፈላችሁ ደግሞ ቲኬቱን በር ላይ ትታችሁለት ግቡ።